ከጋሪው ሥር

“ጋሪው ከፈረሱ ቀደመ” ማለት የማይወድ ሰው አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስብሰባ ላይ እንላታለን፣ ሬዲዮ ላይ እንላታለን፣ ሠርግ ሲቸኩል እንላታለን፣ ዕቅድ ሲበላሽማ አፋችን ላይ ናት። ማን ይቅደም በሚለው ላይ ይህን ያህል ስንነታረክ ኖረን፣ ጋሪው ራሱ በምን ላይ እንደቆመ የጠየቀ ሰው ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልገጠመኝም ነበር።

የጠየቀው የአክስቴ ልጅ ነው። ሞጆ ነው የሚኖረው። እቁብ ደረሰውና ደወለልኝ።

“ጋሼ፣ ሶማሌ ተራ ትወስደኛለህ?”

“ምነው፣ መኪና ገዛህ እንዴ?”

“ኧረ የምን መኪና! ለጋሪ የሚሆን እግር ፈልጌ ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ጋሪ አለው፤ ጤፍ፣ ጭድ፣ ሲሚንቶ ሲያመላልስበት ኖሯል። አሁን የሠፈር እናቶች ተሰባስበው “ልጆቻችንን ጠዋት ትምህርት ቤት አድርስልን፣ ማታ መልስልን” አሉት። ደንበኛ እንጀራ ነው። እሱ ግን እንቅልፍ አጣ። “ጋሼ፣ የጤፍ ጆንያ ቢወድቅ ጠርገህ ታነሳዋለህ” አለኝ። የቀረውን አልጨረሰውም፤ እኔም እንዲጨርሰው አልፈለግኩም።

እኔ ስለ ጋሪ የማውቀው ተሳፍሮ መውረድን ብቻ ስለሆነ አንድ የቆየ መካኒክ ወዳጄን ይዘን ሄድን። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጥቷል ይባላል እንጂ ሶማሌ ተራ ገብቶ ጆሮውን ለጣለ ሰው ገና አልወጣም። ጎማው የሚታሠርበት ብረት ሞዞ ነው፤ ሞዞው ውስጥ የሚሽከረከረው ኩሽኔታ፣ የሚቀባው ግራሶ፣ ጎማው የሚያርፍበት ቸርኬ፣ ጎማው ውስጥ ያለው ካላማዳሪ። ይህን ሁሉ የሚያያይዘው ቡሎንና ዳዶ ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ ይህን ያህል ቃል ጥሎልን የሄደ ሰውዬ ትንሽ ቢሰነብት ኖሮ ምን ይውጠን ነበር!

ሦስት ዓይነት ነገር ቀረበልን። የመጀመሪያው የፒካፕ የኋላ አክስል ነው፣ ከነ ዲፍረንሻሉ። ሻጩ በእግሩ ጠለዘውና፣ “ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ቶን የተሸከመ ነው! ፈረስህ ይሞታል እንጂ ይሄ አይሞትም!” አለ።

መካኒኩ ሳቀ። “እውነቱን ነው። የሚሞተው ፈረሱ ነው።” ዲፍረንሻል የሞተርን ጉልበት ለሁለት ጎማ ለማካፈል የተሠራ ነገር ነው። ጋሪ ሞተር የለውም። ያንን ሁሉ ጥርሳጥርስና ብረት ፈረሱ ዕድሜ ልኩን ያለ ጥቅም ይጎትተዋል ማለት ነው። ጠንካራ መሆንና ለጉዳዩ ተስማሚ መሆን ለየቅል ናቸው። (ይህች አነጋገር ለሹመትም ትሠራለች፤ ግን ዛሬ ስለ ጋሪ ነው የምናወራው።)

ሁለተኛው ወፍራም ቱቦ ነው፤ ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ የትንሽ መኪና ሞዞ ተበይዶበታል። ቀይ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ዋጋው ከሁሉም ረከሰ። የአክስቴ ልጅ ዓይኑን ጣለበት። መካኒኩ አንዱን ወገን ከፍ አስደረገና ጎማውን አሽከረከረው። ጎማው እየዞረ ዳሌውን ይሰብቃል። ቀጥሎ ገመድ አወጣና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት በፊት በኩልም በኋላ በኩልም ለካ። አልገጠመም። ሁለት ጎማ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ካየ አንዱ ሌላውን ወደ ጎን እየጎተተ ነው የሚሄደው፤ ጎማው ያልቃል፣ ፈረሱም በከንቱ ይለፋል። “ብየዳውስ?” አልኩት። “አዲስ ቀለም የተቀባ ብየዳ ምን እንደሸፈነ አይታወቅም” አለ።

ሦስተኛው ሲያዩት ያስጠላል። ዝገት ለብሷል። ሞተሩ የፊት ጎማውን የሚነዳ የትንሽ የቤት መኪና የኋላ አክስል ነው። ዲፍረንሻል ስለሌለው ቀላል ነው። ጎማውን ሲያሽከረክሩት ድምፅ የለውም፤ ለብቻው ዞሮ ዞሮ ቀስ ብሎ ቆመ። ጎማውን ላይና ታች ይዞ ቢወዘውዘውም አልተነቃነቀም፤ ኩሽኔታው ጤነኛ ነው ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ፍሬኑ አብሮት አለ፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ እንኳ ሳይቆረጥ ተንጠልጥሏል። ዋጋው ግን የቀዩን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

“ጋሪ በፍሬን?” አለ የአክስቴ ልጅ።

እውነት ነው፣ የኛ አገር ጋሪ አብዛኛው ፍሬን የለውም። ፍሬኑ ፈረሱ ነው። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ከኋላ ሲገፋው በቂጡ ላይ በዞረችው ጠፍር ተደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ጭነቱ ከበዛ፣ አስፋልቱ ከረጠበ፣ ወይም ጠፍሯ ከተበጠሰች፣ ያው ነው።

ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች በመከር ወራት ልጆቻቸውን ድርቆሽ በተነጠፈበት ተጎታች ላይ ጭነው በእርሻ ውስጥ ያንሸራሽራሉ። ተጎታቹ አራት ጎማ ያለው የድርቆሽ ማመላለሻ ነው፤ የታችኛው እግሩ ለብቻው ይሸጣል፣ ላዩን ገበሬው ራሱ በጣውላ ይሠራዋል። ለእርሻ መሣሪያ የወጣ ደንብም አላቸው፦ ፍሬን የሌለው ተጎታች ሙሉ ክብደቱ ከትራክተሩ ክብደት ከአንድ ተኩል እጥፍ እንዳይበልጥ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ይላል። እንዲያም ሆኖ ጥቅምት 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ሜይን በምትባለው ግዛት፣ ሜካኒክ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እንዲህ ያለውን ተጎታች የሚስበው ጂፕ ቁልቁለት ላይ ጭነቱን መያዝ አቃተው። ተጎታቹ ተገለበጠ። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ሞተች፤ ከ20 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ለሽርሽር የወጡ ልጆች ነበሩ።

ወደ ሞጆ እንመለስ። መካኒኩ እዚያው ቆሞ ሒሳብ ሠራ። እናቶቹ ያሰቡት 10 ልጅ ነው። አንዱ ልጅ ከነቦርሳው 25 ኪሎ ቢሆን 250 ኪሎ ይሆናል። ነጂው 60። ጋሪው ራሱ አለ። ፈረሱ ደግሞ 300 ኪሎ የማይሞላ የኛው ፈረስ ነው። “ክብደቱ ብቻ አይደለም” አለ፣ “የት ይቀመጣል ነው ጥያቄው።” ባለሁለት ጎማ ጋሪ ሚዛን ነው። ከአክስሉ እስከ ኮርቻው 2 ሜትር ቢሆን፣ ከአክስሉ ግማሽ ሜትር ፊት የተቀመጠ 60 ኪሎ ሰው ፈረሱ ጀርባ ላይ 15 ኪሎ ይጥላል። ልጆቹም ወደፊት ከተጠጉ ጀርባው ይላጣል፤ ሁሉም ወደ ኋላ ካፈገፈጉ ደግሞ እንጨቶቹ ሽቅብ ይነሱና ጠፍሩ የፈረሱን ሆድ ይሰቅለዋል። ልጅ ደግሞ እንደ ጆንያ ባስቀመጡት ቦታ አይቀመጥም። ስለዚህ አክስሉ ከወለሉ መሐል ይሁን፣ ወንበሩ ግራና ቀኝ እኩል ይሁን፣ ልጆቹም ከ6 አይብለጡ አለ።

እዚህ ላይ ነው የአክስቴ ልጅ ፊቱ የጠቆረው። ክፍያው በልጅ ቁጥር ነው። በስድስት ልጅ ከሆነ ሲሚንቶ ቢያመላልስ ይሻለዋል። ዝገታሙን አክስል ከገዛ ደግሞ ለቀለሙ፣ ለሸራው ጥላና ለፈረሱ ጌጥ ያሰበው ብር እዚሁ ሶማሌ ተራ ይቀራል።

እናቶቹንም መውቀስ ይከብደኛል። አንዷ ቆዳ ፋብሪካ ትሠራለች፣ ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው። አንዷ ጉልት ትቸረችራለች። ባጃጁ ይወደድባቸዋል። በእግር እንዳይሰዱ መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነው። የሚያምር ጋሪ ሲያዩ “ባለቤቱ ሰው ነው፣ ጠንቃቃ ነው” ብለው ያምናሉ። “ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል” ያለው አባባላችን ለወጥ ይሠራ ይሆናል። ለአክስል ግን አይሠራም።

ልጁ ብዙ ቆመ። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። በመጨረሻ ዝገታሙን አሸከመንና ወጣን።

አሁን ሁለት ዙር ያመላልሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር ስድስት ስድስት ልጅ። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች የትምህርት ቤቱ በር ሳይከፈት ደርሰው ብርድ ላይ ይቆማሉ። ፈረሱም መንገዱን ደግሞ ይሄዳል፣ ጭነቱ ቢቀልለትም። ጋሪው ቀለም የለውም። ከነጂው ቀኝ የበር እጀታ የመሰለች ብረት ቆማለች፤ የፍሬኑ መሳቢያ ናት። አንዷ እናት ልጇን ወስዳ የፕላስቲክ አበባ የተሰካበት፣ 12 ልጅ የሚጭን ጋሪ ላይ አሳፈረች። በልጅ ያነሰ ያስከፍላታል።

“ምን ላድርግ ጋሼ” አለኝ በስልክ። “ኩሽኔታ አይታይ።”

ከዚያ ወዲህ ይህ አነጋገሩ ከጆሮዬ አልጠፋም። የምንከፍለው ለሚታየው ነው። ከዚያ ደግሞ የማይታየው ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰውን ሰው “ተወደድክ” እንለዋለን። ዘይቱን የማይበርዘው ነጋዴ፣ ብረቱን ሳይሰርቅ ኮንክሪት የሚሞላው ግንበኛ፣ ሁሉም ይህን ያውቁታል።

እና ልጅዎን ጋሪ ላይ የሚያሳፍሩ ከሆነ አንድ ጊዜ ጎንበስ ይበሉ። “እስቲ ይህን ጎማ አሽከርክርልኝ” ይበሉት። “ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ምኑ ነው?” ብለው ይጠይቁት። ባለጋሪው ከተቆጣ ልጅዎን ያውርዱ። ፊቱ በርቶ ከሥር ገብቶ ማስረዳት ከጀመረ ግን፣ እባክዎ ዋጋ አይከራከሩት።