ሰውየው መቼ ይበላል?

«ቴፓን» በጃፓንኛ ብረት ምጣድ ነው፤ «ያኪ» ደግሞ ጥብስ። እንግዲህ ስሙን ስንሰማ የሚያስፈራን ቴፓንያኪ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ የብረት ምጣድ ጥብስ ከመሆን አያልፍም። ልዩነቱ ምጣዱ ራሱ ገበታ መሆኑ ላይ ነው። እንግዶች ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ወጥ ቤቱ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሥጋውን፣ አትክልቱን፣ ሩዙን ከዓይናቸው ሥር ይጠብሳል።

የጥንት ባህል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ነው የሚባልለት «ሚሶኖ» ኮቤ ከተማ የተከፈተው ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአገሬው ሰው ይልቅ የወደደውም የውጭ አገር እንግዳ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮኪ አኦኪ የሚባል ጃፓናዊ የትግል ስፖርተኛ፣ ሐርለም ውስጥ አይስክሬም እያዞረ ሸጦ ባጠራቀመው ገንዘብ ኒውዮርክ ላይ «ቤኒሃና»ን ከፈተ። ስሙ ወላጆቹ ቶኪዮ ከነበራቸው ቡና ቤት የተወሰደ ነው። ትርጉሙም ሱፍ፤ ያው በጾም የምንፈተፍተው ሱፍ!

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ባለፈው ፋሲካ አማኑኤል፣ እቤታችን በተወራ ወሬ የተነሳ ነው። አሜሪካ የሚኖሩት አጎቴ መጥተው ነበር። ልጃቸው ኮሌጅ የጨረሰች ዕለት እንዲህ ካለ ቤት ወስደዋት ኖሯል። ቡና እየተቆላ ሲያወጉን አፋችንን ከፍተን ቀረን። ወጥ ቤቱ ሁለት ቢላዋ እያጋጨ ዜማ ያወጣል አሉ፤ እንቁላል በመገልበጫው ላይ ያሾራል፤ ክብ ክብ የተቆረጠ ሽንኩርት ደራርቦ፣ ዘይት አፍስሶ ሲለኩሰው እንደ እሳተ ገሞራ ቦግ ይላል። ሰው ያጨበጭባል።

እናቴ ቡናውን ማመሷን ገታ አድርጋ፣

«ኧረ ወንድማለም፣ ያ ሰውዬ መቼ ይበላል?» አለች።

«እህታለም፣ እሱማ ተቀጣሪ ነው። ደመወዝ አለው፤ ጉርሻም ይሰጡታል።»

«በእጃቸው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

እኔን ነገሩ እስካሁን ይከነክነኛል። መቼም የአላዋቂ ጥያቄ ነው የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን ከምታውቀው ተነሥታ የጠየቀች ይመስለኛል። በኛ ቤት በእንግዳ ፊት የሚሠራ ነገር ቢኖር ቡና ነው። ትቆላዋለች፣ ጢሱን ታዞርልናለች፤ አቦሉን ስትቀዳ ግን ለራሷም ትቀዳለች፣ እስከ በረካ አብራን ትጠጣለች። ምግብ ሲሆን ሌላ ነው። ዶሮው የሚሠራው ጓዳ፣ እንጀራው የሚጋገረው ጭሱ ዓይን ከሚያጠፋ ማድ ቤት። በዓል ሲሆን እንግዳው፣ ጎረቤቱ፣ ከዚያ እኛ ልጆቿ እንበላለን፤ እሷ መቼ እንደምትበላ ግን አይቻለሁ የሚል ከቤታችን አይገኝም። እዚህ ግቢ ያለነውስ ብንሆን? ወጥ የምትጨልፍልንን ሴትዮ እጅ እናየዋለን፤ ቀና ብለን ፊቷን ሳናይ ሰልፉ ይገፋናል።

ስለዚህ ጃፓኖቹን አላማም። እነሱ ቢያንስ የሚያበላቸውን ሰው ላብ በዓይናቸው ያያሉ። ጭብጨባው ነው የማይዋጥልኝ። የሠራው ሰው ሰግዶ ይሄዳል፤ ምጣዱ ይወለወላል፤ ሌላ ባለ ምርቃት ይቀመጣል።

በሚመጣው ክረምት እኔም ከተመረቅሁ (ሁለት ኮርስ አንገቴን ይዞኛል) አጎቴ ቤተሰቡ ሁሉ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሸክላ ጥብስ እንዲበላ ገንዘብ እልካለሁ ብለዋል። እኔ ደግሞ ለበግ ያድርጉልኝ አልኩ። ድግሱ አማኑኤል፣ እቤታችን ይሆናል። ከሰሉን መሃል ቤት አስቀምጬ፣ ብረት ምጣዱን ጥጄ እኔው እጠብሳለሁ። እናቴ መደቡ ላይ ትቀመጣለች፤ የመጀመሪያው ጉርሻም የሷ ነው፣ በእጄ።

ይህን ስነግራቸው እህቶቼ ወንድ ልጅ ሊጠብስ ነው ብለው ተንከተከቱ። እናቴ ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና፣

«የቡናዬን ምጣድማ ስብ አታስነካብኝም» አለች፤ «ሌላ ግዛ።»