ከኩላብ ወደ መሳቢያ፦ የቤት ሰነድ አያያዝ በሰቆጣና በቨርጂኒያ

የቤት ወረቀት አንድም ይደራረባል፣ አንድም ይንጠለጠላል። የተደራረበ ወረቀት ችግሩ የሚታወቀው ሲፈለግ ነው። የታችኛውን ለማውጣት የላይኛው በሙሉ ይነሣል፣ አልጋ ላይ ይዘረጋል፣ ሲመለስም በነበረበት ተራ አይመለስም። የተንጠለጠለው ግን ጎረቤቱን ሳይነካ ይወጣል፤ ቦታውም ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። እዚህ ቨርጂኒያ ብዙ ሰው ቤት የሚገኘው የፋይል መሳቢያ በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው፦ ሁለት ትይዩ የብረት ዘንጎች፣ በላያቸው በመንጠቆ የተሰቀሉ ፎልደሮች፣ በየፎልደሩ ጫፍም ስም የሚጻፍባት ትንሽ ምልክት።

ሰቆጣ የሚኖረው ወንድሜና እኔ ይህን መሳቢያ እዚያው ባለ አናጢ ስለማሠራት ስንነጋገር ከርመናል። ነገሩን ያነሣው ውክልና ነው። ውጭ የሚኖር ሰው አገር ቤት ያለ ጉዳዩን በውክልና ያስፈጽማል፤ ወረቀቱ በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ደርሶ ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ ሳጥን ይገባል። ዓመት ቆይቶ ሌላ ቢሮ ዋናውን አምጡ ሲል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ፍለጋ ይሰማራል። ይህ የእኛ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም፤ ስልክ ያነሣ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል።

ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ኽምራ አንድ የገበሬ ቤት ዛሬ የሚይዘው ወረቀት ከአያቶቻችን ዘመን ጋር አይወዳደርም። ዋናው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። አማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ይዞታ መዝግቦ ሲያድል፣ በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲሰፍር አደረገ፤ ለብዙ ሴቶች ስማቸው ከመሬት ጋር ተያይዞ የተጻፈበት የመጀመሪያው ሰነድ ያ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት መጣ። በዚህ ላይ የክርስትና ካርድ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ካርድ፣ የብድርና ቁጠባ ደብተር፣ የእድር ደረሰኝ ይጨመራል።

ይህ ሁሉ የሚቀመጠው በቁልፍ በሚዘጋ የእንጨት ሳጥን ወይም በቆርቆሮ ሻንጣ ነው፤ ቁልፉም እናት ዘንድ ነው። እናቴ የትኛው ወረቀት የት እንዳለ በቀለሙና በአጣጣፉ ታውቃለች፤ ጨለማ ውስጥ በእጇ ዳብሳ ታወጣለች። ይህን አሠራር ኋላ ቀር የሚለው ሰው ሲያጋጥመኝ እከራከራለሁ። ወረቀቱ እርጥበት፣ አይጥና ምስጥ ባለበት ቤት አሥርተ ዓመታት የኖረው በእርሷ ጥንቃቄ ነው። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ማውጫው ሰው ነው። እናቴ ለቅሶ ከሄደች፣ ከታመመች፣ ወረቀቱ አለ ማለት የለም ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቤቱ የሚጠይቀው ተቃራኒውን ነው። ባል በሌሊት፣ ሚስት በቀን ፈረቃ ይሠራሉ፤ ልጁ የክትባት ካርዱን ትምህርት ቤት ማድረስ አለበት፤ የግብር ወረቀትና ደጋፊ ደረሰኙ በጥቅሉ ቢያንስ 3 ዓመት ይቀመጥ ይባላል። ማንም ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ማውጫው ከሰው ጭንቅላት ወጥቶ መሳቢያው ላይ ይጻፋል።

ወረቀት ማንጠልጠልን ግን ከፈረንጅ የተማርነው እንዳይመስለን። የዋግን አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ያየ ሰው የቆዳ ማኅደር በማንገቻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቷል። ሮበርት ከርዘን የተባለ እንግሊዛዊ በ1837 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ ዋዲ ናትሩን ባለው የሶርያውያን ገዳም ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን አግኝቶ ነበር፤ በ1849 ባሳተመው መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍታቸውን ሲገልጽ፣ መጻሕፍቱ በቆዳ ማኅደር ሆነው ግድግዳ ላይ ከተተከሉ ረጃጅም የእንጨት ኩላቦች በጠፍር ተንጠልጥለው እንዳገኛቸው ይናገራል። ሥዕሉንም አስገብቷል። አውሮፓ መጻሕፍቱን መደርደሪያ ላይ በሚያቆምበት ዘመን የእኛ ሰዎች በስደት አገር ሳይቀር ይሰቅሉ ነበር።

ይሰቀል የነበረውም ጸሎት ብቻ አልነበረም። የመሬት ስጦታና የርስት ውል በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። የንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታዎች በሺመዛና ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ውስጥ ሰፍረው እስከ ዘመናችን ደርሰዋል፤ የዋግ ሹሞችም ትውልዳቸውን ከዚያው ከዛጉዌ ቤት ይቆጥራሉ። እንግዲህ የይዞታ ማስረጃን በማኅደር አድርጎ ኩላብ ላይ መስቀል ለእኛ አገር ስንት መቶ ዓመት የኖረ ሥራ ነው። ለወንድሜ የምሠራው ንድፍ ከዚህ ይነሣል።

አሁን ወደ እንጨቱ። የፋይል መሳቢያ ልዩ ማሽን አይፈልግም፤ ተራ የወጥ ቤት መሳቢያ በሚሠራበት ዕቃ ይሠራል። የሚለየው ሦስት ነገር ነው፦ ስፋቱ፣ ቁመቱና የሚሸከመው ክብደት።

ስፋቱን የሚወስነው ፎልደሩ ነው። ለኤ4 ወረቀት የሚሠሩ ተንጠልጣይ ፎልደሮች በዘንጎቹ መካከል 330 ሚሊሜትር ይፈልጋሉ፤ የሚለካው ከአንዱ ዘንግ መሐል እስከ ሌላው መሐል ነው። 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን የተለመደ ካቢኔት እንውሰድ። ጎኖቹ 16 ሚሊሜትር ቺፑድ ከሆኑ ውስጡ 368 ይቀራል። በኩሽኔታ የሚንሸራተት የመሳቢያ ሐዲድ በየጎኑ 12.7 ሚሊሜትር ቦታ ስለሚወስድ የመሳቢያው የውጭ ስፋት 342.6 ይሆናል። የመሳቢያው ጎኖች በ12 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ከተሠሩ፣ ከአንዱ ጎን ውፍረት መሐል እስከ ሌላው መሐል 330.6 ይመጣል። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ስጨርስ በጣም ደስ ብሎኛል፦ የመሳቢያው ጎን ራሱ ዘንግ ተሸካሚ ሊሆን ነው። በሁለቱ ጎኖች የላይኛ ጠርዝ መሐል ለመሐል ቦይ ይወጣል፤ 20 በ3 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ብረት በቁሙ 10 ሚሊሜትር ያህል ይገባበታል፣ የቀረው 10 ከላይ ወጥቶ መንጠቆውን ይቀበላል። ብረቱ በኮላ ከተያዘ ሌላ ማሰሪያ አይሻም። ቺፑዱ 18 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ካቢኔቱ በ4 ሚሊሜትር ይስፋ፤ አለበለዚያ መንጠቆው አንዱን ዘንግ ይስታል።

ቁመቱ ቀላል ነው። ፎልደሩ ተሰቅሎ ወደ 24 ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ ከላይ የስም ምልክቱ ይወጣል፤ ለመሳቢያው 28 ሴንቲሜትር ክፍት ቁመት ብንሰጠው አይቆጨንም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ክብደቱን ነው። አንድ ደስጣ 80 ግራም ወረቀት፣ ማለትም 500 ቅጠል፣ 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ውፍረቱም ወደ 5 ሴንቲሜትር ነው። 50 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው መሳቢያ ጢም ብሎ ቢሞላ 25 ኪሎ ወረቀት ይይዛል፣ የመሳቢያው የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ ያለው በኩሽኔታ የሚሄድ ሐዲድ እስከ 45 ኪሎ የሚችል ስለሆነ ይበቃል። ለማንኪያና ለሹካ የሚደረገው ቀጭኑ የጎማ ሐዲድ ግን አይችልም። የተሞላ መሳቢያ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ካቢኔቱን ወደ ፊት ይጥለዋልና፣ ከግድግዳ ጋር በብሎን መታሰር አለበት። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ነገር ለነገ አይባልም።

ሰቆጣ ላይ ሐዲዱ ከሩቅ ገበያ የሚመጣ ነው። ባይገኝ በእንጨት ሐዲድ ይሠራል፤ የዋግ ማር ሰሙን አብሮ ይሰጣልና፣ እንጨቱን በሰም ማሸት መሳቢያውን በደንብ ያንሸራትተዋል። ከላይ ደግሞ ሲሳብ በአፍጢሙ እንዳይደፋ የሚይዘው ሌላ እንጨት ይጨመራል። በእንጨት ሐዲድ መሳቢያው ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ የኋለኞቹ ፎልደሮች ይደበቃሉ። መላ አለው፦ መሳቢያው 50 ሴንቲሜትር ሆኖ፣ ከኋላ ያለው 15 ሴንቲሜትር በጣውላ ይከለልና ባዶ ይቀመጥ። ፎልደሮቹ በሙሉ ከፊት ባለው 35 ሴንቲሜትር ውስጥ ይሆናሉ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ ያለው መሳቢያዬ የገጠመው ሌላ ዓይነት ጣጣ ነው። የአሜሪካ ወረቀት 216 በ279 ሚሊሜትር ነው፤ የእኛ ኤ4 210 በ297። የአገር ቤት ሰነድ በ18 ሚሊሜትር ይረዝማል። ለአሜሪካ ወረቀት የተሠራው ፎልደር ውስጣዊ ስፋቱ 298 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ኤ4 ይገባል፣ ግን ጫፍና ጫፉ ተጨናንቆ ይታጠፋል። ማኅተም ያለበት፣ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት ሰነድ ደግሞ መታጠፍ የለበትም። ስለዚህ ለሕግ ሰነድ የሚደረገውን ሰፊውን ዓይነት መርጫለሁ፤ ዘንጎቹ ወደ 39 ሴንቲሜትር ይራራቃሉ፣ የሁለቱም አገር ወረቀት ሳይጨነቅ ይንጠለጠላል። ኢትዮጵያዊ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የፋይል ካቢኔት ለሚገዛ ሁሉ ይህን እመክራለሁ።

የስም ምልክቱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። አሜሪካኖች ፋይል የሚያሰናዱት በቤተሰብ ስም ፊደል ተራ ነው። የእኛ አገር ሚስት የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች፣ ልጅ የአባቱን መጠሪያ ስም ይከተላል፤ አንድ ቤት ውስጥ ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል። በእነርሱ ሥርዓት ብሄድ ቤተሰቤ በመሳቢያው ሦስት ቦታ ይበተናል። በእኛ ቤት እያንዳንዱ ሰው በመጠሪያ ስሙ፣ በሀ ሁ ተራ ተቀምጧል፤ ከስሙ ሥር የልደት ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል። አንዱ ቅጽ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር የተሞላ እንደሆነ ስንቱ ሰው ጉዳዩ ሲጓተትበት አይተናል።

አሁን የዚህን ሁሉ ንድፍ ልብ ወደምለው ልምጣ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዋግን ሲያዳርስ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ሰቆጣ አካባቢ ወለህ መጠለያ ውስጥ ኖረዋል። ልጅ ያዘለች፣ አሮጊት የደገፈች ሴት ሳጥን ተሸክማ አትወጣም፤ ሳጥን ከፍታ የምትለይበት ጊዜም የላትም። ወረቀት የሌለው ተፈናቃይ ማንነቱን በምስክር፣ መሬቱን በመዝገብ ቤት ቅጂ ለማስረዳት ይንከራተታል፤ መዝገብ ቤቱም ከተዘረፈ ወይም ከተቃጠለ እግዜር ይወቀው።

የድሮው ማኅደር ይህን ያውቅ ነበር። ማንገቻው ኩላብ ላይ ለመስቀል ብቻ አልተሠራም፤ አደጋ ሲመጣ ትከሻ ላይ ይወርዳል። የፋይል መሳቢያ ግን ከቤቱ አይነቃነቅም፤ ፈረንጆቹ ያጡት ይህን ነው። እነርሱም ቤታቸው እሳት ሲይዝ ወረቀታቸውን ሳያወጡ ይሮጣሉ።

ስለዚህ የሰቆጣው መሳቢያ የመጀመሪያው ፎልደር ፎልደር አይሆንም። የፍየል ቆዳ ማኅደር ይሆናል። ከላይ በግራና በቀኝ እንደ ፎልደሮቹ ሁለት የብረት መንጠቆ አለው፣ እዚያው ዘንግ ላይ ይሰቀላል፤ ማንገቻው ተጠቅልሎ ውስጡ ይቀመጣል። ክዳኑ ዝናብ እንዳያስገባ ወደ ታች ይወርዳል። ውስጡ የሚገባው የይዞታ ደብተሩ፣ የልደት ምስክር ወረቀቶቹ፣ ውክልናውና የትምህርት ማስረጃው ብቻ ነው፤ የእድር ደረሰኝና የመብራት ቢል ኋላ ይቅሩ። መሳቢያው ተስቦ፣ እጅ ገብቶ፣ ማኅደሩ ተነሥቶ ትከሻ ላይ እስኪውል የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፤ እናቴ ባትኖር የአሥር ዓመት ልጅ ያደርገዋል። ቆዳ ሠሪው ማኅደር መስፋት አዲስ አይሆንበትም፤ አዲሱ መንጠቆው ብቻ ነው፣ እርሱም ከላሜራ ተቆርጦ ይታጠፋል። ለራሴም አንድ እንዲሰፋልኝ ጠይቄያለሁ፤ ቨርጂኒያ ያለው መሳቢያዬ ፊት ላይ ይሰቀላል።

ቁልፍ ይኑረው ወይ የሚለው ላይ ወንድሜና እኔ አልተስማማንም። እርሱ ያለ ቁልፍ የሰነድ ቦታ አይሆንም ይላል። እኔ ደግሞ ቁልፍ ፍለጋ ማኅደሩን ከንቱ ያደርገዋል ባይ ነኝ። እናቴ ስትጠየቅ መሳቢያው ይቆለፍ፣ ቁልፉ ግን ሁለት ይሁን፣ አንዱ ለምራቷ ይሰጥ አለች። በዚህ ጸንቷል።

ኮረም፣ ላሊበላ ወይም ሌላ ቦታ ሊያሠራ የሚያስብ ካለ አንድ ነገር ልበል፦ ለአናጢው ቁጥር ብቻ አትላኩለት፤ ፎልደሩን ራሱን ላኩለት። አምራቾች በመንጠቆው ርዝመት ይለያያሉና፣ አናጢው ፎልደሩን በሁለት ብረት ላይ ሰቅሎ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ራሱ ይለካ። ሐዲዱም ከእጁ ሳይገባ ቺፑዱን አይቁረጥ።