የመተማዋ ትንሽ ሣጥን

ከጎንደር ተነሥተን በአውቶቡስ ወደ ምዕራብ ወረድን። አይከልን አለፍን፤ ገንዳ ውኃንም አለፍን። ደጋው እየራቀ፣ ሙቀቱ እየበረታ መጣ። የዕጣን ዛፍ የበቀለበትን ጫካ፣ ሰሊጥና ጥጥ የሚዘራበትን ሜዳ አየን። ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን መተማ ዮሐንስ ገባን። ጊዜው ግንቦት 2015 ዓ.ም. ነበር።

መተማ ዮሐንስ የድንበር ከተማ ናት። ድልድዩን የተሻገረ ሰው ሱዳን፣ ገላባት ይገባል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። ከተማዋ በስማቸው ትጠራለች። መተማ ከጥንት ጀምሮ ገበያ ነበረች። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሸጥባት ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥባት ነበር።

እኛ ግን የሄድነው አንዲት ሣጥን ለማየት ነው። ሣጥኗ ያለችው በአንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ርዝመቷ አንድ ክንድ ያህል ነው። ውስጧ በቀጭን እንጨት 12 ቦታ ተከፍሏል። በየክፍሉ አንድ አንድ ነገር ተቀምጧል።

«ኑ ልጆቼ፣ እጃችሁን ጥረጉና እዩ» አሉን።

በመጀመሪያ ጠገራ ብር አየን። በላይዋ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ አለ። 1780 የሚል ቁጥርም አለባት። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የተሠሩት ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይይዛሉ። ስለዚህ ቁጥሩን አይቶ ብሯ መቼ እንደተሠራች ማወቅ አይቻልም። በአገራችን በ1937 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራ ብር ከገበያ እየጠፋች ሄደች። ብዙዋን አንጥረኛ አቅልጦ ጌጥ ሠራባት።

ቀጥሎ የአሞሌ ስባሪ አየን። አሞሌ ከአፋር በረሃ የሚመጣ ጨው ነው። ድሮ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ክረምት ሲገባ እንዳይረጥብ ሽማግሌው ከምድጃ በላይ ይሰቅሉታል። ዛጎልም አለ፤ እሱ የባሕር ነው። የጃርት እሾህ፣ የዕጣን ጠጠር፣ ዝባድ የተያዘበት የቀንድ ጫፍም አለ።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት?» አልናቸው።

«በለውጥ ነው። ዕቃ በዕቃ እንጂ በገንዘብ አልገዛም። ገንዘብ ከገባበት ሌባ ይከተላል። ዛጎሉን የሰጠኝ የገላባት ነጋዴ ነው። እኔ ዕጣን ሰጠሁት። በጃርት እሾህ ግን ግማሽ ቀን ተከራክረናል!» ብለው ሳቁ።

ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ቁራጭ ወረቀት አለ። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሰጣቸው፣ መቼ እንደመጣ ተጽፎበታል። ሦስቱ ግን ወረቀት የላቸውም። አንዱ ሰማያዊ ዶቃ፣ አንዱ የተበሳ ጥቁር ድንጋይ፣ አንዱ የናስ ቁራጭ ነው።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ቆይተውም፣ «እነዚህ የአባቴ ናቸው። እሱ ታሪካቸውን ያውቅ ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩና አልጠየቅኩም። ፊደልም አንዳችን አናውቅም ነበር። እሱ ሲሞት ወሬያቸው አብሮት ተቀበረ። እኔ ካደግኩ በኋላ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ የጻፍኩት የዚህን የአሞሌውን ወረቀት ነው» አሉን።

በመጨረሻው ክፍል አንዲት የቡና ስኒ አለች። ጆሮ የላትም። ሱዳኖች ፍንጃል ይሏታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገባ። አንዲት እናት ከካርቱም ልጆቿን ይዛ መጣች። በሽማግሌው ቤት አረፈች፤ ቡናም ጠጣች። ከስድስት ስኒዎቿ የተረፈችው ይህች ብቻ ነበረች። «መንገድ ላይ እንዳትሰበርብኝ እዚህ ትቀመጥልኝ» አለቻቸው። ሽማግሌው ለውጥ ሊሰጧት ቢሞክሩ እንቢ አለች።

ወረቀቱን እኛው አነበብነው። «የእንግዳ አደራ። አይለወጥም። ስትመለስ ይሰጣት» ይላል።

እናንተም ቤት የቆየ ነገር አይጠፋም። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁና ጻፉ። ለሣጥን ብላችሁ ግን የመቃብርና የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አትንኩ። መሬት ስትቆፍሩ ጥንታዊ ዕቃ ካገኛችሁ ለባህል ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ ካያችሁ አትንኩ፤ ቶሎ ለፖሊስ ንገሩ።

እንወያይ

1. ሦስቱ ዕቃዎች ለምን ወረቀት የላቸውም?
2. ስኒዋ ለምን አትለወጥም?
3. በቤታችሁ ካለው የቆየ ዕቃ አንዱን ምረጡ። ከማን እንደመጣ በሦስት መስመር ጻፉ።