መብራት አልጠፋም ነበር

ዴቭል ሜይ ክራይ 3ን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። ካፕኮም በ2005 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው የሰይፍና የሽጉጥ ጌም ነው። ዳንቴ የሚባል አፈኛ ጎረምሳ አጋንንት ይፈጃል። መግደሉ ግን ብቻውን አያስከብርም፤ ጌሙ የሚያየው አገዳደልህን ነው። አንድ ምት ከደጋገምክ ስክሪኑ ጥግ ያለው ፊደል ዲ ላይ ይቀራል። ምቱን እያቀያየርክ፣ አንተ ሳትመታ ከዘለቅክ ወደ ኤ፣ ወደ ኤስ፣ በመጨረሻ ሦስት ኤስ ይደርሳል።

እኔ የዲ ሰው ነበርኩ። ባለ ሦስት ማዕዘኗን ቁልፍ መቀጥቀጥ ነው ሥራዬ። በሦስተኛው ሚሽን የሚመጣው ባለ ሦስት ራስ የበረዶ ውሻ እንኳ ስንቴ እንደጣለኝ! ታናሽ ወንድሜ ግን ሌላ ፍጥረት ነበር። አር1ን ይዞ፣ ማንሻውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ያችኑ ቁልፍ ጫን ሲል ጋኔኑ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ዳንቴም ይከተለዋል። አየር ላይ በሰይፍ፣ ከዚያ በሽጉጥ፣ ደግሞ በሰይፍ፤ መሬት አያስነካውም። (ይህ አየር ላይ የማቆየት ነገር የመጣው ኦኒሙሻ በተባለው ሌላ የካፕኮም ጌም ውስጥ ከታየ ብልሽት ነው፤ የመጀመሪያውን ዴቭል ሜይ ክራይ የመራው ሂዴኪ ካሚያ አይቶ ወደደው። እንዲህ ያለው ስህተት ይባረክ።)

አሜሪካ በተሸጠው ቅጂ «ኖርማል» የተባለው ደረጃ ጃፓን ውስጥ «ሃርድ» የሚባለው እንደነበር ቆይቼ ሰማሁ። ሰበብ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ወንድሜም የሚጫወተው ያንኑ ቅጂ ነበር እንጂ።

ወንድሜ መጨረሻው ፍልሚያ፣ የዳንቴ ባላንጣ ቨርጂል ጋ ደርሶ ነበር። አንድ ቅዳሜ እሱ በሌለበት የእኔን ጨዋታ በእሱ ላይ ሴቭ አደረግኩበት። ጣቴ ስቶ ነው እንዳልል፣ ጌሙ ይተካ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አይቼ ነው አዎ ያልኩት። የሰፈር ልጅ ሁሉ እሱን ሊያይ ሲመጣ ቅናት አንገብግቦኝ ነበር።

ሲመለስ «ሴቭ ሲያደርግ መብራት ጠፋ» አልኩት። በእኛ ሰፈር ይህን ማን ይጠራጠራል? ዝም ብሎ ሚሞሪ ካርዱን አወጣ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ሰካው። ከዚያ «አንተ ምን ታደርግ» ብሎ እኔኑ አጽናናኝ። ቢመታኝ በተሻለ። ከዚያ ወዲያ ያን ጌም አልነካውም፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ጌም ብቻ ሆነ። እኔም ያለ ተፎካካሪ ቀጠልኩ፤ ዲ ላይ።

ወንድሜ፣ ጌሙ ከ2020 ጀምሮ ለስዊችም አለ፤ ገዝቼልሃለሁ። ከመክፈትህ በፊት ግን ይህን አንብብና ደውልልኝ። ብትሰድበኝም መልስ የለኝም።