ከጼማህ ዳርቻ፦ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በኪኔሬት ሐይቅ



ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናስጎበኛችሁ ያሰብነው የኪኔሬትን ሐይቅ፣ በተለይም በደቡብ ጫፉ የሚገኘውን የጼማህን ዳርቻ ነው። ብዙዎቻችሁ ከኡልፓን ወይም ከመርከዝ ክሊታ ጋር በአውቶቡስ ሄዳችሁ፣ ፎቶግራፍ ተነሥታችሁ፣ ምሳችሁን በልታችሁ ተመልሳችሁ ይሆናል። እኛ ሐይቁን ያወቅነው በሌላ መንገድ ነው። ጥቂት ወላጆችና ወጣቶች ሆነን ስፕሪንት ትሪያትሎን በሚባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመካፈል 12 ሳምንት ስንዘጋጅ፣ ውሃውንም መንገዱንም በእጃችንና በእግራችን ለካነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። ትሪያትሎን ማለት ሦስት ስፖርቶች በአንድ ውድድር ውስጥ ተከታትለው የሚሠሩበት ነው። መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ በመጨረሻ ሩጫ ይሆናል፤ በመካከላቸው ዕረፍት የለም። ይህ ስም የተሰጠው የመጀመሪያው ውድድር በ1974 በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ ከተማ ተደረገ። ወደ ኦሎምፒክ የገባው ደግሞ በ2000 በሲድኒ ነው። የኦሎምፒኩ ርቀት 1,500 ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲሆን፣ ስፕሪንት የሚባለው የዚህ ግማሽ ነው፤ 750 ሜትር ይዋኛል፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ይነዳል፣ 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ጀማሪ ሰው በአንድ ሰዓት ተኩልና በሁለት ሰዓት መካከል ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ለጀግኖች ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ሠርቶ አደር ሰውም ከተዘጋጀ ይደርስበታል።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። ኪኔሬት ከሰሜን እስከ ደቡብ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሰፊው ጎኑ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ከ40 ሜትር ይበልጣል። የዮርዳኖስ ወንዝ በሰሜን ገብቶ በደቡብ፣ በደጋንያ አጠገብ ይወጣል። በጼማህ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው በስተ ግራው የጢብርያስን ከተማ፣ በስተ ቀኙ የጎላንን ተራሮች ያያል። ሰማዩ በጠራ ቀን ደግሞ ፊት ለፊት የሔርሞን ተራራ ይታየዋል። ሐይቁ ጢም ብሎ ሲሞላ እንኳ ከባሕር ወለል በታች 208 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ዝናብ ባነሰባቸው ዓመታት ውሃው እየሸሸ ዳርቻው ይሰፋል።

ከደምቢያ ወይም ከጎንደር አካባቢ የመጣን ሰዎች ይህን ሐይቅ ከጣና ጋር ሳናወዳድር አናልፍም። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ትልቅ ውሃ ነው። ኪኔሬት 165 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከጣና ዳር እስከ ኪኔሬት ዳር ያለው ቁልቁለት 2,000 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ልዩነቱ በሰውነት ላይ ይታወቃል። እዚያ አየሩ ስስና ቀዝቃዛ ነበር፤ እዚህ አየሩ ለሳንባ ወፍራም ቢሆንም ሙቀቱ ከባድ ነው። በሰኔና በሐምሌ በአገራችን ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲወርድ፣ እዚህ አንዲት ጠብታ የለም። ቀን ቀን ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ልምምዳችንን ሁሉ የምንጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነበር።

ከሦስቱ ሁሉ የከበደን ዋናው ነው። አባቶቻችን መንደራቸውን ወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ ነበር። ለንጽሕና፣ ለሰንበት ዝግጅት፣ ለመንጻት ውሃ ያስፈልግ ስለ ነበረ ቤተ እስራኤል ያለ ወንዝ አይኖርም ይባል ነበር። ነገር ግን ወንዝ ውስጥ ገብቶ መንጻት ሌላ፣ ጥልቅ ውሃ ላይ ተንሳፎ መሄድ ሌላ ነው። አብዛኞቻችን መዋኘት ሳንችል ነው የመጣነው። ልጆቻችን ደግሞ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ወደ ባሕርና ወደ ገንዳ ይሄዳሉ።

ከመካከላችን የአራት ልጆች እናት የሆነች አንዲት ሴት ለዋና ልትመዘገብ ስትል፣ አንዲት ሽማግሌ እናት፣ «ልጄ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፤ ምን አጣሽና ነው?» አሏት። እርሷም፣ «እማማ፣ ልጆቼ ውሃው ውስጥ ናቸው። አንድ ነገር ቢሆኑ እኔ ዳር ቆሜ ልጮህ ነው ወይ?» ብላ መለሰችላቸው። እማማም ዝም አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ፎጣዋን ይዘው ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው።

መጀመሪያ የተማርነው በማትናሱ ገንዳ ነው። በብዙ ከተሞች ለሴቶች ብቻና ለወንዶች ብቻ የተለዩ ሰዓቶች ስላሉ፣ በዚህ የምታፍሩ ሁሉ ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለማመድነው እጅ መወርወር አልነበረም፤ መተንፈስ ነው። ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ አየሩን ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ከዚያ ጎን ዞሮ መሳብ። ትንፋሹን አፍኖ የሚይዝ ሰው ወዲያው ይደክማል፣ ይደነግጣልም። ቀጥሎ በጀርባ መንሳፈፍን ተማርን። በጀርባው መንሳፈፍ የሚችል ሰው ቢደክመው እንኳ የሚያርፍበት አልጋ አለው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ፣ አራት ጊዜ እያልን ጨመርን። ገንዳው 25 ሜትር ከሆነ 750 ሜትር ማለት 30 ጊዜ መሄድ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በ8ኛው ሳምንት አብዛኞቻችን 30ውን ሞላን።

ሐይቁ ግን ገንዳ አይደለም። ግድግዳ የለውም፣ መሬቱ አይታይም። ውሃው ጨው ስለሌለው እንደ ባሕር ውሃ ሰውን አያነሣም። ዳርቻው ጠጠርና ድንጋይ ስለሆነ የውሃ ጫማ ቢኖር ደግ ነው። ቀጥ ብሎ ለመዋኘት በየጥቂቱ ራስን ቀና አድርጎ አንድ ምልክት፣ ዛፍ ወይም ቤት፣ መመልከት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ነፋሱን ማወቅ ይገባል። በበጋ ጠዋት ውሃው እንደ መስተዋት ይተኛል። ከቀትር በኋላ ከሜዲትራኒያን በኩል የሚመጣው የምዕራብ ነፋስ ከተራሮቹ ቁልቁል ይወርድና ማዕበል ያስነሣል። በጢብርያስ በኩል ነፋሱ ከየብስ ወደ ውሃ ስለሚነፍስ፣ በአየር የተነፋ ፍራሽ ወይም ጎማ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሳይታወቅ ወደ መሐል ይወሰዳል። ወላጆች ሆይ፣ ይህን አደራ እንላችኋለን፤ በተነፋ ነገር ላይ ልጅ አስቀምጣችሁ ዓይናችሁን አታንሡ።

የባንዲራዎቹንም ትርጉም ለልጆቻችሁ አስተምሩ። ነጭ ባንዲራ መዋኘት ይቻላል ማለት ነው፤ ቀይ አደገኛ ነው ማለት ነው፤ ጥቁር ጨርሶ የተከለከለ ነው። ማጺል፣ ማለት ነፍስ አድን ዋናተኛ፣ በሌለበት ቦታና ሰዓት አይገባም። አደጋ ቢደርስ የማጌን ዳቪድ አዶም የስልክ ቁጥር 101 ነው።

ወደ ብስክሌቱ እንለፍ። ከጢብርያስ ተነሥቶ በጼማህ በኩል እስከ ኤን ጌቭ ያለው የዳር መንገድ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየክረምቱ የሚደረገው የጢብርያስ ማራቶን የሚሮጥበት መንገድ ይኸው ነው፤ ሯጮቹ ደርሰው ይመለሱበታል። መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ይስማማል። ሆኖም የመኪና መንገድ መሆኑን አንርሳ። በቀኝ በኩል፣ መኪናዎቹ በሚሄዱበት አቅጣጫ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፎ መሄድ ግዴታ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት መኪናው ጥቂት ነው፤ ዓርብ ወደ ቀትር ሲጠጋ ግን ይበዛል።

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ከመካከላችን ሦስቱ ያገለገለ ብስክሌት ገዝተው ነው የሠሩት። ሲገዙ ፍሬኑ በሁለቱም ጎማ መያዙን፣ ሰንሰለቱ አለመዛጉን፣ ኮርቻው ለቁመት መስተካከሉን ማየት ነው። በቃስዳ፣ ማለት በራስ መከላከያው ቆብ፣ ላይ ግን ገንዘብ አይቆጠብም። በውድድሩ ቃስዳውን አጥልቆ ማሰሪያውን ሳይቆልፍ ብስክሌቱን የነካ ሰው ይቀጣል። ውሃ መጠጣትም ከመጠማት በፊት ነው፤ በዚያ ሙቀት የተጠማ ሰው ዘግይቷል።

ሩጫው ለሕዝባችን አዲስ አይደለም። በ2022 በሙኒክ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ማሩ ተፈሪ በማራቶን ሁለተኛ፣ ጋሻው አያሌ ሦስተኛ ወጥተው፣ የእስራኤል ወንዶች በቡድን ወርቅ አግኝተዋል። በ2023 ደግሞ ማሩ ተፈሪ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የብር ሜዳሊያ ወስዷል። ሁለቱም እንደ እኛ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። ቢሆንም ከብስክሌት ወርዶ መሮጥ ሌላ ነገር ነው። እግር እንደ ግንድ ይከብዳል፣ ጉልበት የራስ አይመስልም። መድኃኒቱ ሁለቱን አንድ ላይ መለማመድ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነድቶ ወዲያው አንድ ኪሎ ሜትር መሮጥ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እግሩ ይለምደዋል።

ሳምንታችን እንዲህ ነበር። እሑድና ረቡዕ ዋና፣ ማክሰኞ ብስክሌት፣ ሐሙስ ሩጫ፣ ዓርብ በማለዳ ብስክሌትና ሩጫ በአንድነት፣ ሰኞ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ፤ ሰንበት ሙሉ ዕረፍት። አሠልጣኞች ሁሉ ሰውነት የሚጠነክረው በዕረፍቱ ቀን ነው ይላሉ። እኛ ይህን ቀን ከአባቶቻችን ተቀብለነዋል። ነገር ግን በዚህ አገር ብዙ ውድድሮች በሰንበት ቀን ስለሚደረጉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቀኑን ተመልከቱ። እኛ ሁለት ውድድሮችን በዚህ ምክንያት ትተን፣ ዓርብ ጠዋት የሚደረገውን መረጥን። ወጣቶቹ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም፣ ቄሳችን «ውድድር ሌላ ይመጣል፤ ሰንበት ግን የራሷ ቀን አላት» ካሏቸው በኋላ ተስማሙ። ደግሞም ከመጀመራችሁ በፊት በኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው በተለይ አይዘንጋ።

በውድድሩ ዕለት ቁጥራችንን በክንዳችን ላይ ጻፉልን። ብስክሌታችንን በመለዋወጫው ቦታ ሰቅለን፣ ጫማና ቃስዳችንን ሥሩ አስቀመጥን። የበጋ ውሃ እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ስለሚሞቅ የላስቲክ ልብስ አላስፈለገንም። ስንነሣ የብዙ ሰው እግርና እጅ ውሃውን ስለሚያናውጠው፣ እኛ ከኋላና ከዳር ሆነን ጀመርን። ደንቡ የደከመው ሰው ወደ ፊት ሳይጎተት የነፍስ አድኖቹን ጀልባ ይዞ እንዲያርፍ ይፈቅዳል። ያቺ የአራት ልጆች እናት ሁለት ጊዜ ይዛ አረፈች፤ ጥቂቱንም በጀርባዋ ሄደች። ከውሃው ስትወጣ ከኋላዋ የነበሩት ጥቂቶች ናቸው። ሩጫው ላይ ግን ብዙዎችን አለፈች፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰች። ዛሬ ትልቋን ልጇን መንሳፈፍ የምታስተምራት እርሷ ራሷ ናት።

ትሪያትሎን ባትፈልጉም ወደ ጼማህ ሂዱ። በቅርብ በ1910 የተመሠረተችው የመጀመሪያዋ የኪቡጽ መንደር ደጋንያ አለች። በጢብርያስ የራምባምን መቃብር፣ በፍል ውሃው አጠገብም የረቢ ሜይር ባዓል ሃኔስን መቃብርና ከ4ኛው መቶ ዓመት የቀረ የምኩራብ ወለል ሥዕል ታያላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን በሠፈራችሁ ማትናስ ገብታችሁ፣ የዋና ትምህርት ለልጅም ለወላጅም መቼ እንደሚጀመር ጠይቁ።