ሦስት ዓመት ያዢለት

ለውድ ልጄ፣

የጠየቅሽኝን ላስቀድም። የባንክ ሥራሽን ይዘሽ አመሻሽ አመሻሹን ብቻ ካጠናሽ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪ የሚማረውን ፊዚክስ ለብቻሽ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ያህል ያስፈልግሻል። በስድስት ወር አለቀልኝ የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ወይ ሌላ ሥራ የለውም፣ ወይ ጥያቄዎቹን ዘሏቸዋል።

ከሂሳብ ሠራተኛ ጋር ክርክር አያዋጣምና ስሌቱን ልዘርዝረው። ከመደርደሪያዬ የወሰድሽው የሃሊዴይና የሬስኒክ ወፍራም መጽሐፍ 44 ምዕራፍ አለው። ለአንዱ ሁለት ሳምንት ብትሰጪው 88 ሳምንት፣ ማለትም አንድ ዓመት ከስምንት ወር ይሆናል። ከእሱ በፊት ግን አልጀብራ፣ ትሪጎኖሜትሪና ካልኩለስ አሉ። ፊዚክስን የተሰናበትሽው 10ኛ ክፍል ላይ ስለሆነ ለነዚህ ግማሽ ዓመት ያዢ። ብዙ ሰው ፊዚክስ ከበደኝ ብሎ የሚተወው እውነቱን ለመናገር ሒሳቡ ከብዶት ነው። የተረፈውን ጊዜ ሰኔ፣ ሰርግ፣ ለቅሶና የመብራት መጥፋት ይወስዱታል። ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ መጽሐፉን ባትከፍቺው አልቀየምሽም።

የጥናት ጊዜ ስል እስክሪብቶሽ ወረቀት የነካበትን ብቻ ነው። ስለ ብላክ ሆል የሚያወሩትን ቪዲዮዎች እራት እየበላሽ ተመልከቺ፤ እኔም አያለሁ። ከጥናት ግን አትቁጠሪው። የፋይንማን ሌክቸሮችም ይቆዩሽ። እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1963 ካልቴክ ለጀማሪ ተማሪዎች የተሰጡ ቢሆኑም ለጀማሪ አይመቹም። እንደ ልብ ወለድ ይነበባሉ፤ ያነበበው ሰው የገባው ይመስለዋል፣ ልምምድ ሲሰጡት ግን ይቆማል።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ኳስ ወደ ላይ ወረወርሽ እንበል። ጫፍ ላይ ደርሳ ልትመለስ ስትል ፍጥነቷ ዜሮ ነው። አክስለሬሽኗስ? ባስተማርኩበት ክፍል ሁሉ አብዛኛው ተማሪ «ዜሮ!» ብሎ ይጮኻል። ዜሮ ቢሆንማ ኳሷ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥላ በቀረች ነበር። ምድር መሳቧን ለአፍታም አላቋረጠችም፤ ጫፉም ላይ ሆነች መንገድ ላይ አክስለሬሽኗ ያው ወደ ታች 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። ይህን ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ በቅቶሻል። ግን ያው ስሕተት በሚቀጥለው ምዕራፍ መልኩን ቀይሮ ይመጣና ደግሞ ይይዝሻል። ሁለት ሳምንት ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን መልስ ከማየትሽ በፊት ከጥያቄው ጋር ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ታገይ።

ራሱን ያስተማረ ሰው ሲነሳ ማይክል ፋራዳይን የማይጠራ የለም። በ14 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1805፣ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገባና ሰባት ዓመት የሚጠርዘውን እያነበበ ተማረ። እስከዚህ ሁሉም ያውቀዋል። ብዙም የማይወራው፣ ምሽት ምሽት የሳይንስ ንግግር ለመስማት ይሄድ እንደነበርና የመግቢያውን አንድ ሽልንግ ወንድሙ ይከፍልለት እንደነበር ነው። እንደሱ መማር የሚወዱ ወጣቶች የሚሰበሰቡበት ማኅበርም ነበረው። የኬሚስቱን የሀምፍሪ ዴቪን ንግግሮች በ1812 ሰምቶ ማስታወሻውን አስውቦ ገለበጠ፤ ጠርዞም ላከለት። በ1813 የእሱ የላቦራቶሪ ረዳት ሆነ። ትልቁን ግኝቱን፣ የኤሌክትሮማግኔቲክ ኢንዳክሽንን፣ ያገኘው በ1831 ነው፤ ጠራዡ ዘንድ ከገባ 26 ዓመት መሆኑ ነው። ሒሳብ ግን እስከ መጨረሻው አልሆነለትም፤ ሐሳቡን በሒሳብ ቋንቋ ያስቀመጠው ማክስዌል ነው። አንቺ ማክስዌል እስኪመጣልሽ አትጠብቂ፣ ካልኩለሱን ያዢ። ደግሞም ለብቻዬ አጠናለሁ ብለሽ የሚያርምሽ ሰው አትጪ። በሄድሽባት ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አንድ የፊዚክስ ተማሪ ፈልገሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ጋብዢና ደብተርሽን አሳዪው። እስከዚያው እኔ አለሁልሽ።

እዚያ ቤት እንደተከራየሽ ይህን ሥሪ። ጓጉንቸር በክር አስረሽ ከሚስማር ላይ አንጠልጥዪ፤ ከሚስማሩ እስከ ጓጉንቸሩ መሃል 1 ሜትር ይሁን። በትንሹ ገፋ አድርገሽ ልቀቂውና 20 ጊዜ ሄዶ ሲመለስ በስልክሽ ሰዓት ያዢ። 40 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ጊዜውን ለ20 አካፍለሽ ያገኘሽውን በራሱ አባዢ፤ ከዚያ 39.5ን በርዝመቱ አባዝተሽ በራሱ ተባዝቶ ለመጣው ቁጥር አካፍዪ። 9.8 አካባቢ ካገኘሽ የምድርን ስበት ለክተሻል ማለት ነው። 9.4 ከመጣብሽ ርዝመቱን እስከ ቋጠሮው ብቻ ለክተሽ ይሆናልና እንደገና ለኪ። ቀጥሎ ርዝመቱን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር አሳጥሪው፤ ጊዜው ሩብ ሳይሆን ግማሽ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ጻፊና ገጹን ፎቶ አንስተሽ፣ ስርዝ ድልዙን ሳትደብቂ፣ በቴሌግራም ላኪልኝ።

እናትሽ በርበሬውን ከሻንጣው ሥር ነው ያደረግሁት ብላሻለች።

አባትሽ