ፍሬን ስር የገባው እሳት ማጥፊያ

የመጀመሪያ መኪናዬን የሰጠኝ አባዬ ነው። ለዓመታት ታክሲ የሠራባት ፕሪየስ ነች። ከቁልፉ ጋር ሁለት ነገር ጨመረልኝ፤ መስታወቱ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ መስቀልና ቀይ እሳት ማጥፊያ። መስቀሉን ራሱ አሰረልኝ። እሳት ማጥፊያውን ግን ከሾፌሩ ወንበር ስር ወሸቅ አደረገውና «እዚህ ከሆነ እጅሽ ቶሎ ይደርስበታል» አለኝ።

አባዬ ስለ እሳት ማጥፊያ ለምን እንደሚጨነቅ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። አዲስ አበባ ሳለ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከፊቱ ከቆመ መኪና ኮፈን ስር ጭስ ወጣ። (ኮፈን የሞተሩ ክዳን ነው።) ሰዉ ውሃና አፈር ፍለጋ ሲራወጥ መኪናው ነዶ አለቀ። ከዚያ በፊት እሳት ማጥፊያ የሚታወሰው ቦሎ ሲታደስ ብቻ ነበር ይላል እየሳቀ። ቦሎ ማለት መኪናው በየዓመቱ ተመርምሮ ሲያልፍ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። በምርመራው ቀን ሾፌሮቹ ይዋዋሳሉ፤ አንድ ማጥፊያ በአንድ ጠዋት አምስት መኪና ያሳልፋል! ከዚያ ቃጠሎ በኋላ ግን አባዬ የራሱን ገዛ።

ያን ቀን ታናሽ ወንድሜን ከእግር ኳስ ልምምድ ይዤው እየተመለስኩ ነበር። እዚህ ቨርጂኒያ፣ ከ395 አውራ ጎዳና በሴሚናሪ ሮድ መውጫ ስወጣ መኪኖች ቀይ መብራት ላይ ቆመዋል። ፍሬን ያዝኩ። ከወንበሬ ስር አንድ ነገር ሲንከባለል ተሰማኝ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ ስረግጠው ግማሽ ወርዶ ቆመ። ከስሩ ጠንካራ ነገር ይዞታል። በግራ እግሬ ገፋሁት፤ አልሄደም። እንደገና ስገፋው ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ያኔ ፍሬኑን እስከ ታች ረገጥኩት። ከፊታችን ካለው መኪና ጋር አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን።

ወንድሜ ከኋላ «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የአባዬ እሳት ማጥፊያ ነው።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ዕቃውን የሰጠኝ ስለሚሳሳልኝ ነው። «የሰጠኸኝ ነገር ሊገድለን ነበር» ተብሎ ለአባት እንዴት ይነገራል? ማጥፊያውን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ወረወርኩትና ዝም አልኩ። እዚያም ሆኖ በታጠፍኩ ቁጥር ኳ፣ ኳ ይላል።

ወንድሜ ግን ምስጢር አይችልም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ቡና እያፈላች ሳለ ሁሉንም ዘረገፈው። እማዬ ጀበናውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አባዬ አንድ ቃል ሳይናገር ወጣና ማጥፊያውን ይዞ ተመለሰ። ረከቦቱ አጠገብ አቆመውና ብዙ አየው።

«መቼ ነው?» አለኝ።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ?»

በረካውን ሳይጠብቅ ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ። ከማንኛውም ቁጣ ይልቅ ያ ዝምታው ከበደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኳ። «ተነሽ፣ ጋሼ ጋ እንሂድ» አለኝ። ጋሼ ሁላችንም እንዲያ ብለን የምንጠራቸው መካኒክ ናቸው። አባዬ ማጥፊያው ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን የፕላስቲክ መያዣ ይዞ ነበር። እሱን ወለሉ ላይ በብሎን መምታት ነው ሐሳቡ። ጋሼ ፕላስቲኩን ተቀበሉት፣ ጠምዘዝ አደረጉት፣ ተሰበረ።

«ይሄ ለኩሽና ግድግዳ የተሠራ ነው» አሉ። «ግድግዳ ደግሞ አይጋጭም።»

ከዚያ እርሳስ አንሥተው ካርቶኑ ላይ አሰሉልን። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ግድግዳ ቢመታ፣ ፊቱም ግማሽ ሜትር ያህል ተጨፍልቆ ቢቆም፣ ውስጡ የታሰረ ነገር ሁሉ ማሰሪያውን የሚጎትተው ከክብደቱ 20 እጥፍ በሚሆን ኃይል ነው። የእኛ ማጥፊያ ከነብረቱ 2 ኪሎ ነው። ስለዚህ መያዣው መቻል ያለበት 40 ኪሎ ነው፤ ወደ ግማሽ ኩንታል ጆንያ ተጠጋ ማለት ነው። ካልቻለ ወይም ጭራሽ ካልታሰረ መኪናው ሲቆም ብረቱ አይቆምም፤ በዚያው በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ፊት ይበራል። አባዬ ካርቶኑን አየ፣ ከዚያ ወንድሜን አየ።

ወዲያው ትራፓኖውን አነሣ። ጋሼ እጁን ያዙት። «ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ከታች እንይ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ትራፓኖ መብሻ ነው፣ ካቻቢቴ ብሎን መፍቻ፣ ዳዶ ብሎኑን ከጀርባ የሚይዘው፣ ሮንዴላ በመሃል የሚገባው ክብ ብረት። እኔ እነዚህን ቃላት ከአያቶቻችን የወረስናቸው ንጹሕ አማርኛ ይመስሉኝ ነበር። ለካ ምንጫቸው ጣልያንኛ ነው፤ ፍሬንም ጭምር። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ አባዬም ገረመው።

መኪናዋን ከፍ አድርገው ስሯ አስገቡን። ከኋላው ትልቅ ባትሪ ተነሥቶ ወደ ፊት የሚሄድ ወፍራም የኤሌክትሪክ መስመር አለ። ገመዱ ብርቱካናማ የሆነው ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሄድበት ሰው እንዲጠነቀቅ ነው። የቤንዚኑና የፍሬኑ ዘይት ቀጫጭን ቱቦዎችም በወለሉ ስር ያልፋሉ። አባዬ ይህችን መኪና ያን ያህል ጊዜ ሲነዳት ሆዷን አይቶት አያውቅም። «እኔ እኮ ዝም ብዬ ልበሳው ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ቦታ መምረጡ ከመብሳቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ከዳሽቦርዱ አጠገብ አይሆንም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ያስወነጭፈዋል። ከወንበሩ ስር ደግሞ የኤርባግ ቢጫ ሽቦዎች አሉ። አባዬ የወንበሩን ብሎኖች ፈትተን መያዣውን አብረን ብናጠብቀውስ አለ። ጋሼ እምቢ አሉ፤ በግጭት ጊዜ ወንበሩን ከነሰው የሚይዙት እነዚያ ብሎኖች ናቸውና። ዕቃ መጫኛው ውስጥ ማሰሩ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ከኋላ የተገጨ መኪና ክዳኑ ላይከፈት ይችላል። በመጨረሻ ከተሳፋሪው ወንበር ፊት፣ ወለሉ ላይ፣ አግድም እንዲተኛ ተስማማን። ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ እንዳይነካው ለኩ። ከታችም ምንም መስመር እንደሌለ ሁለት ጊዜ አዩ።

መያዣው ለመኪና የተሠራ ብረት ነው፤ ሁለት የብረት ቀበቶና በአንድ እጅ የሚከፈት ማያያዣ አለው። ብሎኖቹ ወለሉን አልፈው ወጡ። ከስር ቀጭን ብረትና ሰፋፊ ሮንዴላ ገባ፤ ያለ እሱ ብሎኑ ስሱን ወለል ቀዶ ይወጣል። የተበሳው ጠርዝ እንዳይዝግ ቀለም ተቀባ። ሲያልቅ ጋሼ ሁለት እግራቸውን ተክለው ጎተቱት። መኪናዋ ተወዛወዘች እንጂ መያዣው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ አባዬ ልምምድ አዘዘኝ። ቀበቶዬን አስሬ ተቀመጥኩ፤ «እሳት!» ሲል ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ማያያዣውን ከፍቼ፣ ማጥፊያውን ይዤ መውጣት ነው። መጀመሪያ ማያያዣውን ወደማይከፈትበት አቅጣጫ ስታገል ቆየሁ። በአራተኛው ዓይኔን ጨፍኜም ቻልኩ። ጋሼ ግን «አትጀግኚ» አሉኝ። ይህች ትንሽ ማጥፊያ የምትረጨው ከ8 እስከ 12 ሰከንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰው ይወጣል፤ እሳቱ ትንሽ ከሆነ ይሞከራል፤ ትልቁ ባትሪ ከነደደ ግን ርቆ 911 መደወል ነው።

የኛ ማጥፊያ ላይ ከ49 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳይቀመጥ ተጽፏል። በሐምሌ የተዘጋ መኪና ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ ስለዚህ በሙቀት ቀን ጥላ ፈልጌ አቆማለሁ። ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክቱንና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑንም ዕቃ መጫኛው ውስጥ ካሉት ቀለበቶች ጋር በገመድ አሰርናቸው። ኳ ኳታው ቀረ።

አባዬ አሁንም በየወሩ መጀመሪያ ይደውላል። ከሰላምታው በፊት «መርፌዋ አረንጓዴው ላይ ናት?» ይለኛል፤ ማጥፊያው ላይ ያለችውን የግፊት መለኪያ ማለቱ ነው። ባለፈው ሳምንት የእሱን አዲስ መኪና ተውሼ ገበያ ሄድኩ። ገና ከግቢው ወጥቼ ስታጠፍ ከኋላ ኳ አለ። አቁሜ ዕቃ መጫኛውን ከፈትኩ። አዲስ ቀይ ማጥፊያ፣ ከነፕላስቲክ መያዣው፣ ከድንች ከረጢት ጋር ይንከባለላል።

ለጋሼ ደወልኩላቸው። ለቅዳሜ ቀጠሮ ሰጥተውናል፤ አባዬ ገና አልሰማም።